ፍሩማ የሞቱበት ቤት

እንጉዳይ ወርቅአገኘሁ እስራኤል አገር ፔታሕ ቲክቫ ከገባች ወዲህ አምስት ቤት ቀያይራለች፤ አምስቱም የኪራይ። ከአንዱ ባለቤቱ ልጁን ሊድርበት ፈልጎ አስወጣት። አንዱ ፈረሰ። ከሌላው ኪራዩ ከአቅሟ በላይ ሆኖባት በራሷ ወጣች። መውጣትና መግባት ከመልመዷ የተነሣ ከወጥ ቤት ዕቃዋ ግማሹን ከካርቶን አታወጣውም ነበር። ባሏ ደሞዝ በዚህ ይስቅባታል። እሷ ግን አትስቅም።

ዘንድሮ ሃምሳ ዓመት ሞላት። የምትተዳደረው አቅም ያጡ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በየቤታቸው እየተንከባከበች ነው። ደሞዝ ኪርያት አርዬ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የፕላስቲክ ማሽን ላይ ይሠራል። ልጃቸው ኦሻራት ውትድርናዋን ጨርሳ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ጸሐፊ ሆናለች። የእንጉዳይ እናት እማማ ሸጋም ከእነሱ ጋር ይኖራሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው እንጂ አእምሯቸው አልደከመም፤ ያለ ነገር አይናገሩም።

እንጉዳይ ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራችው ክፋር አቭራሃም፣ ፍሩማ የሚባሉ አሮጊት ቤት ነበር። ሰፈሩ ዛፍ የበዛበት፣ ሰንበት ሲገባ መኪና ድምፁ የማይሰማበት፣ ቤት ልግዛ የሚል ሰው ኪሱን ሁለት ጊዜ የሚዳስስበት ሰፈር ነው። ፍሩማ ከአውሮፓ በልጅነታቸው ያለ እናት ያለ አባት መጥተው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው ወልደው ያረጁ ናቸው። ቤታቸው ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከጀርባው ክፍል አይወጡም ነበር። እንጉዳይ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለች።

ሲመሽ ሥራዋን ጨርሳ ቦርሳዋን ስታነሣ ፍሩማ ከአልጋቸው ሆነው በዕብራይስጥ ይጠይቋታል።

«ትመለሻለሽ?»

«እመለሳለሁ፣ ነገ ጠዋት።»

ሳይጠይቁ የቀሩበት ቀን የለም። እሷም ሳትመለስ የቀረችበት ቀን አልነበረም፤ ከአንዱ በስተቀር።

ያ ቀን ዓርብ ነው። ሐሙስ ማታ የደሞዝ የእህቱ ልጅ ሠርግ ስለነበረ እንጉዳይ ለማግስቱ ፈቃድ ወስዳ፣ የምትሠራበት ድርጅትም በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ሊልክ ተስማምቶ ነበር። ሐሙስ ሲመሽ ፍሩማ እንደ ልማዳቸው ጠየቋት። ነገሩን ላስረዳ ብትል ይጨነቃሉ፣ እሷም ቸኩላለች፤ «እመለሳለሁ፣ ነገ ጠዋት» ብላ ወጣች። በማግስቱ ተተኪዋ ሴት ስትገባ ፍሩማ «መጣች?» አሉ። ከቁርስ በኋላም «መጣች?» አሉ። እኩለ ቀን ሲሆን ሞቱ። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ለእንጉዳይ የነገረቻት በደግ ልብ ነው፤ «እንዴት ይወዱሽ ነበር» ለማለት።

የሐዘኑ ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ ኔሪያ የሚባለው የፍሩማ ልጅ ደወለላት። ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር መምህር ነው። እሱም እህቱም ቤት ስላላቸው የእናታቸውን ቤት ሊሸጡ ነው። ለደላላ ከመስጠታቸው በፊት ግን አስቀድመው እሷን ሊጠይቁ ተስማምተዋል። ገበያው ከሚለው ዝቅ አድርገው ይሰጧታል። «እናቴን ሰባት ዓመት የያዘ እጅ ይያዘው ብለን ነው» አላት። እስከ ዳስ በዓል ማግስት እንድታስብበት ቀን ሰጣት፤ ቁልፉንም አንደኛውን እሷው ዘንድ አቆየላት።

ደሞዝ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ተመልሶም አልተቀመጠም። ሃያ ዓመት ያስቀመጡት ገንዘብ ነበረ፤ ዋጋው የወረደ ቢሆንም ግን ለእነሱ ያው ተራራ ነው። ባንኩ በደሞዝ ዕድሜ ምክንያት ማሽካንታውን፣ የቤት ብድሩን ማለት ነው፣ የሚሰጠው ኦሻራትም አብራ ከፈረመች ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ኦሻራት እሺ ለማለት ዓይኗን አላሸችም። በዕብራይስጥ፣ «ክፋር አቭራሃም ቤት ተገኝቶ ምኑ ይታሰባል፣ እማ?» አለች። ዘመድ ሁሉ በስልክ መረቀ። ደቡብ ያለው የደሞዝ ወንድም ብቻ በዚያ ገንዘብ እሱ ዘንድ ግቢ ያለው ቤት እንደሚገኝ ተናገረ፤ ደሞዝ ግን ልጁም ሥራውም እዚህ መሆናቸውን ነገረው።

እንጉዳይ ስለ ቤቱ ሲወራ ተነሥታ ወጥ ቤት ትገባ ነበር። ደስታ ያደነዘዛት መስሏቸው ተዋት።

በሳምንቱ ከደሞዝ ጋር ቤቱን ሊያዩ ሄዱ። ዕቃው ወጥቷል። ደሞዝ ከፋብሪካ ያመጣውን ሜትር እየዘረጋ ሳሎኑን ይለካል፤ የእማማ ሸጋ አልጋ የሚገባበትን ግድግዳ ይፈልጋል። ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ነበር። እንጉዳይ መሐል ሳሎን ቆማ ሳለ ከጀርባው ክፍል ሰማች፤ በዕብራይስጥ፣ በፍሩማ ድምፅ።

«ትመለሻለሽ?»

ገብታ አየች። ቁም ሣጥኑ የነበረበት ግድግዳ ላይ ከሌላው የነጣ ሰፊ ቦታ አለ፤ ወለሉ ላይ የአልጋው እግሮች አራት ጉድጓድ ትተዋል። ሌላ ምንም የለም። ልትወጣ ስትዞር ደግሞ ሰማች። አሁን ግን በአማርኛ ነው፤ ድምፁም የፍሩማ አይደለም። አርባ አንድ ዓመት ያልሰማችው ድምፅ ነው። ደሞዝ ከሳሎን ሆኖ ጫፉን እንድትይዝለት ጠራት። ሄዳ ያዘችለት።

የዚያን ድምፅ ባለቤት ነገር እንጉዳይ ለባሏም ለልጇም ተናግራ አታውቅም።

ወገራ ውስጥ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እናና የምትላቸው አያት ነበሯት፤ የእማማ ሸጋ እናት። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በእግራቸውም ከቤት እስከ ወንዝ የሚደርሱት እንጉዳይ የበትራቸውን ጫፍ ይዛ ስትመራቸው ነው። የመንደሩ ቤተ እስራኤል ወደ ኢየሩሳሌም ሊሻገር በስውር ወደ ሱዳን መውጣት ሲጀምር መንገድ መሪው ለወርቅአገኘሁ፣ ለአባቷ፣ ቁርጡን ነገረው፤ አሮጊቷ አይችሉም፣ እሳቸውን የያዘ ሰው ሁሉንም ያስይዛል አለው። ቤተሰቡ ሁለት ቀን መከረ። ከዚያ በመጋቢት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናናን እደጃፉ መደብ ላይ አስቀምጠው፣ ማዶ መንደር ለቅሶ ልንደርስ ነው፣ ሦስት ቀን ብንቆይ ነው አሏቸው። ለክርስቲያኗ ጎረቤታቸው እህሉንና ላሚቱን አደራ ሰጧት።

እናና ለቅሶ መሄዱን አልተቃወሙም። ግን ልጅቱን በእጃቸው ፈልገው ያዟት።

«አንቺስ ትመለሻለሽ?»

ሌላውን ሰው አልጠየቁም። እንጉዳይ አትዋሽም ብለው ነው። እናቷ ከወዲያ ሆነው ያይዋት ነበር። «እመለሳለሁ» አለቻቸው። እጃቸው ለቀቃት።

ሱዳን ሲደርሱ አባቷና ታናሽ ወንድሟ በአንድ ሳምንት ውስጥ በበሽታ ሞቱ። እሷና እናቷ በአውሮፕላን መጡ። እማማ ሸጋ ለባላቸው አለቀሱ፣ ለልጃቸው አለቀሱ። ለእናታቸው ግን አላለቀሱም፤ ስማቸውንም አላነሡም። እንጉዳይም እናቷ ያላነሡትን እሷ ልታነሣ አልደፈረችም።

ከደሞዝ ጋር ቤቱን ካዩበት ቀን በኋላ እንጉዳይ ቤቱ ይህ ይጎድለዋል፣ ያ ይጎድለዋል ማለት ጀመረች። ደረጃው ለእማዬ አይሆንም አለች። ሕንፃው አሮጌ ስለሆነ መጠለያ ክፍል የለውም፣ ሚሳይል ሲመጣ እማዬን ይዤ እስከ ምድር ቤት ልወርድ ነው አለች። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ደሞዝ በትዕግሥት መለሰላት፤ አሁን ያሉበትም መጠለያ የለውም፣ አሁን ያሉበትም ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሦስተኛ ምክንያት ስታመጣ ግን ድምፁ ከበደ። ዕድሜ ልኩን በሰው ግድግዳ ላይ ምስማር ሊመታ ፈቃድ ሲጠይቅ መኖሩን፣ ይህ ዕድል ካመለጣቸው ሌላ እንደማይመጣ ነግሯት ሁለት ቀን ሳያናግራት ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትወጣ ቁልፉን ይዛ ብቻዋን ሄደች። ደረጃው ላይ ሃናን አገኘቻት። ሃና የመጀመሪያው ፎቅ ጎረቤት ናት፤ በሰባት ዓመት ውስጥ እንጉዳይን ሰላም ሳትላት ያለፈችበት ቀን የለም። አሁንም ፈገግ ብላ፣ «ደግሞ ማን ዘንድ ልትሠሪ መጣሽ?» አለቻት። እንጉዳይ ቤቱን ልትገዛ እንደሆነ አልነገረቻትም። «ለአንድ ጉዳይ ነው» ብላ አለፈቻት።

ቤቱ ውስጥ ቁጭ የምትልበት ስላልነበረ የጀርባው ክፍል ወለል ላይ፣ ጀርባዋን በነጣው ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ውጭ ልጆች ይጫወታሉ። ብርሃኑ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ወጣ፤ ከግድግዳው ወደ ጣሪያው። ይመጣል ያለችው ድምፅ መጣ። አላስፈራራትም፣ አልጮኸባትም፤ ያው ጥያቄ ነው፣ አንዱ በዕብራይስጥ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ተራ እየጠበቁ፣ እንደ ሁለት የሚተዋወቁ አሮጊቶች። መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። የምታውቀው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነው። ተነሥታ ወጣች፤ ስትቆልፍ የቁልፉ ቀዳዳ አልገኝ ብሏት ቆየች።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ለኔሪያ ደውላ ይቅርብኝ ልትለው ወሰነች። ደሞዝ ሥራ ነው፣ ኦሻራት ወጥታለች። ስልኩን ይዛ ወጥ ቤት ቆማ ስትዘገይ እማማ ሸጋ ከምስሩ ላይ ድንጋይ እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ ለማን እንደምትደውል ጠየቋት። ነገረቻቸው። ለምን እንደሆነ ጠየቋት። ደረጃውን አነሣች። እሳቸውም ደረጃውን እንዳልጠየቋት ነገሯት።

ያን ጊዜ እንጉዳይ ተቀመጠችና ሁሉንም አወጣችው። ስለ ፍሩማ፣ ስለ ዓርቡ፣ ስለ ሁለቱ ድምፅ። በመጨረሻ እናናን ጠራች። በዚያ ቤት፣ በየትኛውም ቤት፣ ያ ቃል ሲነሣ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። እማማ ሸጋ የምስሩን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«አራት ወር ኖራለች» አሏት።

እንጉዳይ የሰማችውን አላመነችም።

ኋላ የቀሩት ሰዎች በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ወደ እስራኤል ሲመጡ አንድ የመንደራቸው ሰው እማማ ሸጋን ፈልጎ አግኝቷቸው ነበር። ጎረቤቲቱ አልጨከነችባትም፣ አሮጊቷ ሐምሌ ውስጥ ሞተች፣ ቀኑን ግን የሚያውቅ የለም ብሎ ነገራቸው። እማማ ሸጋ ሰውዬውን ለማንም እንዳይናገር አስምለው ሸኙት። ይህን ሠላሳ አራት ዓመት ብቻቸውን ይዘው ኖረዋል።

«እንደተውናት አወቀች?» አለች እንጉዳይ።

«ሦስት ቀን አላወቀችም። ከዚያ ማወቋ አይቀርም። እናቴ ሞኝ አልነበረችም።»

«እኔን ነበር የጠየቀችኝ።»

«አንቺን ጠየቀች። ያስዋሸሁሽ ግን እኔ ነኝ፤ በዓይኔ። አንቺ ልጅ ነበርሽ። ይህንን ከአንቺ ወስጄ ከራሴ ጋር ብቻ ልቅበረው ብዬ ነበር፤ ለካ አንቺም ዘንድ ኖሯል።» ሳህኑን ደግሞ ራቅ አደረጉት። «አሁን ቤቱ ቢቀርብሽ እሷ ምን ታገኛለች?»

እማማ ሸጋ ግን አልጨረሱም ነበር። የእናናን ተዝካር ለምን እንዳላወጡ ጠይቃቸው እንደማታውቅ አስታወሷት። መጀመሪያ ሞቷን ስላላወቁ ነው። ካወቁ በኋላ ደግሞ የሚያወጡበት ቤት ስላልነበራቸው ነው።

«ከገዛ ቤቷ ደጃፍ አስቀምጫት የሄድሁ ልጅ፣ ተዝካሯን በሰው ቤት፣ ባለቤቱ ነገ ውጡ በሚለኝ ቤት አላወጣም ብዬ ነው የቆየሁ። ቤት ትገዣለሽ ብዬ ስጠብቅ አረጀሁ። ደግሞም ያ ክፍል አሮጊት የለመደ ነው። ያላ፣ በይ፣ ውሰጅኝና ልየው።»

ኦሻራት ስትመለስ ይዘዋቸው ሄዱ። ሦስት ፎቅ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፤ በየመወጣጫው ያርፋሉ። ሃና ድምፅ ሰምታ ወጣች፤ ወንበር አምጥታ በሁለተኛው ፎቅ አሳረፈቻቸው። ኦሻራት በዕብራይስጥ፣ አያቷ መሆናቸውንና ቤቱን ሊገዙት እንደሆነ ነገረቻት። የሃና ፊት አፍታ ያህል መልስ ፈልጎ ቆየ። ከዚያ «በሰደር» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፤ «ሻንጣውን ልያዝልሽ?» ሻንጣ አልነበረም። የሳፍታ፣ የአያቷ ማለት ነው፣ መነጽር ያለባት ትንሽ ቦርሳ ነበረች፤ እሷን ያዘች።

እማማ ሸጋ የጀርባው ክፍል ገብተው በሩ እንዲዘጋላቸው ጠየቁ። እንጉዳይና ኦሻራት ሳሎን ሆነው ጠበቁ። ውስጥ ሲናገሩ ይሰማል፤ ጸሎት ይሁን ጨዋታ አይለይም። ኦሻራት ሳፍታ ከማን ጋር ነው የምታወራው ብላ ጠየቀች። እንጉዳይ፣ «ከእናቷ ጋር» አለቻት። ኦሻራት እናቷን ተመለከተች፤ ፊቷን ስታይ ልትስቅ የነበረውን ተወችው።

ሲወጡ እማማ ሸጋ ዓይናቸው ደርቆ ነበር። እሳቸውም መስማት አለመስማታቸውን እንጉዳይ ልትጠይቅ ፈልጋ አልጠየቀችም። «ግዙት» ብቻ አሉ።

ለኔሪያ ያን ዕለት ሰንበት ሳይገባ ደወለችለት። ፊርማው ከበዓሉ በኋላ ሆነ፤ ደሞዝ እስክሪብቶውን ይዞ ገጹን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ጠበቃው ሰዓቱን አየ። በክረምቱ መጀመሪያ ገቡ። እንጉዳይ ካርቶኖቿን በሙሉ ፈታች።

ተዝካሩን በሐምሌ አወጡት። ቀኑ ስለማይታወቅ ቢልልኝ የሚባሉት ቄስ ከወሩ አንድ ቀን መረጡላቸው። ሳሎኑ፣ ኮሪደሩ፣ ደረጃው ሳይቀር በሰው ተሞላ፤ ከጥንቱ መንደር በሕይወት ያሉት ስድስት ሰዎችም ነበሩ። ሃና ወንበር አዋሰቻቸው፤ ራሷም ጥግ ይዛ ምኑንም ሳታውቅ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ቄሱ ጸሎቱን ከመጀመራቸው በፊት የሟቿን ስም ጠየቁ። እንጉዳይ አፏን ስትከፍት ከእናና በቀር ሌላ ስም እንደማታውቅላቸው ገባት። በልጅነቷ በትር ይዛ የመራቻቸውን፣ አርባ አንድ ዓመት የሸሸቻቸውን ሴት ስም አታውቀውም።

«ትርንጎ» አሉ እማማ ሸጋ ከተቀመጡበት። «ትርንጎ በላይነህ።» ከዚያም ያ ሁሉ ዓመት ሳይወጣ የቆየው ለቅሶ ወጣ። ሴቶቹ ሊያቆሟቸው ሲሉ ቄሱ በእጃቸው ተዉአቸው፣ ያልቅሱ አሉ።

ድምፁ ግን አልጠፋም። እንጉዳይ ተዝካሩ ወጥቶ ሁሉ ነገር የሚያልቅ መስሏት ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ስትሰበስብ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ሰማችው። ፍሩማ ናቸው አንዳንዴ፣ አንዳንዴም ትርንጎ። አሁን ግን የያዘችውን ልብስ አጥፋ እስክትጨርስ ትሰማቸዋለች። ለደሞዝ ነግራዋለች። ደሞዝ ብዙ አልጠየቀም፤ ማምሻ ላይ ቤት ከሆነ ብቻ የት እንዳለች ዞር ብሎ ያያል።

ሥራዋ አሁን ራማት ቬርበር ሰፈር፣ ኤሊሻ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ነው። በማግስቱ የማትመጣ ከሆነ አስቀድማ፣ ቁጭ ብላ፣ እሳቸው እስኪገባቸው ድረስ ሦስት ጊዜም ቢሆን ትነግራቸዋለች። ሲያለቅሱም አለቀሱ ብላ ቃሏን አትለውጥም።

እማማ ሸጋ የጀርባውን ክፍል ወስደዋል። ከዚያ ቤት የምወርደው አንድ ጊዜ ነው ብለው ደረጃውን እርም ብለዋል። ሃና በሳምንት ሁለት ቀን ትወጣለች፤ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በዕብራይስጥ፣ እኩል ያወራሉ፤ ማን ምን እንዳለ ኦሻራት ስትጠይቃቸው ሁለቱም አያውቁም። ትላንት መስኮቱ ሥር ካለው ዛፍ ላይ ርግብ ጎጆ ሠርታ እንቁላል መጣሏን ለእንጉዳይ አሳዩዋት። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ትፈለፍል እንደሆነ እሱ ነው የሚያሳስባቸው።